ገንዘቡና ታሪኩ ሳይገጥሙ ሲቀሩ፦ ሕገ ወጥ ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ የሚቀርብበት መንገድና ምልክቶቹ

በባሕር ዳር ከባንክ መስኮት ጀርባ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ጾም መግባቱንና ፍስክ መድረሱን ቀን መቁጠሪያ ሳያይ ከሚቆጥረው ብር ያውቀዋል። ዐቢይ ጾም ሲይዝ የሥጋ ቤቶች ገቢ ይቋረጣል፤ በምትኩ ከጣና ዳር የሚመጡት ዓሣ ሻጮች እርጥብና ዓሣ ዓሣ የሚሸት ብር ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋሉ። መኸሩ ሲሰበሰብ ደግሞ ሩዙን የሸጠ የፎገራ ገበሬ ብሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በጋቢው ሥር ሸሽጎ ይመጣል። እኔም በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ከተሰጠኝ ሥልጠና ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ አንድ ሥጋ ቤት ነበር። ባለቤቱ በጥር ወር በየሳምንቱ ያስገባ የነበረውን ያህል ብር፣ ጾሙ ከገባና ቤቱ ከተዘጋ በኋላም ሳያጎድል ያስገባ ነበር። ሃምሳ አምስቱ ቀን አለፈ፤ ገቢው ግን ፈቀቅ አላለም። የሙስሊም ሥጋ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተራ በሆነ ነበር፤ ያ ቤት ግን በቅበላ ማግስት ቢላውን ሰቅሎ በሩን የሚቆልፍ ነበር።

ስለ ሕገ ወጥ ገንዘብ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ መጠኑ ነው፤ ብዙ ብር የያዘ ሁሉ ይጠረጠራል፣ ጥቂት የያዘ ሁሉ ይታለፋል። ይህ ስሕተት ነው። መታየት ያለበት የብሩ ብዛት ሳይሆን ብሩ አፈራኝ ከሚለው ሥራ፣ ወቅትና ኑሮ ጋር መግጠሙ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ለባንክ ሠራተኛ፣ ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለቤት ደላላ፣ ለነጋዴ፣ እንዲሁም የሒሳብ ቁጥሩን አውሱኝ ለሚባል ማንኛውም ሰው ያገለግላል።

ነገሩ ምንድን ነው?

በሕጋችን ቋንቋ ድርጊቱ «በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብ ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ይባላል። ስሙ ረጅም ቢሆንም «የገንዘብ እጥበት» ከሚለው የዘወትር አነጋገር የተሻለ ይመስለኛል፤ የታጠበ ነገር ይነጻል፣ ይህ ገንዘብ ግን የነጻ ይመስላል እንጂ አይነጻም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 684 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል፤ ከዚያም በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 780 ባንኮችና ሌሎች ድርጅቶች ደንበኛቸውን የማወቅና አጠራጣሪ ግብይትን የማሳወቅ ግዴታ እንዳለባቸው በዝርዝር ደነገገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በጉዳዩ ላይ አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ከባንኮች የሚላኩትን ሪፖርቶች ተቀብሎ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ነው። አገራችን በዚህ ረገድ ባሳየችው ጉድለት ምክንያት በዚህ ጉዳይ ላይ ለአገሮች መመዘኛ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል (FATF) ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በቅርብ ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት እንደነበርም መታወስ አለበት።

ከጀርባው ሁልጊዜ ሌላ ወንጀል አለ። ጉቦ፣ የኮንትሮባንድ ንግድ፣ በሐሰተኛ ደረሰኝ የተሰረቀ ግብር፣ በስልክ «ሽልማት ደርሶዎታል» እየተባለ ከየዋሆች የተወሰደ ገንዘብ፣ በመተማ በኩል ወጣቶችን ወደ ሱዳንና ሊቢያ ከሚያሻግሩ ደላሎች እጅ ያለ ብር፣ በእገታ ከቤተሰብ የተጨመቀ ቤዛ፤ ሁሉም አንድ ችግር አለባቸው። ብሩ ተገኝቷል፤ ነገር ግን «ከየት አመጣኸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱን ለመሥራት የሚደረገው ጥረት ሁሉ ነው እንግዲህ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ የሚባለው።

ሦስቱ እርከኖች

ባለሙያዎች ሂደቱን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘቡን ወደ ባንክ ወይም ወደ ንግድ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ከሒሳብ ወደ ሒሳብ፣ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከስም ወደ ስም እያዘዋወሩ ዱካውን ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ገንዘቡን በቤት፣ በመኪና፣ በድርጅት አክሲዮን ወይም በብድር ክፍያ መልክ መልሶ ወደ ባለቤቱ ማምጣትና ከሕጋዊ ሀብቱ ጋር ማዋሐድ ነው። በተግባር ሦስቱ ሁልጊዜ በቅደም ተከተል አይመጡም፤ አንዳንዱ ገንዘብ ከመጀመሪያውም ባንክ ውስጥ ስለሆነ የማስገባቱን እርከን አያልፍበትም፤ አንዳንዱም በጥሬው ቤት ይገዛበትና ሦስቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ለተራው ሰው ዓይን የሚጋለጠው የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ምክንያቱም ጥሬ ብር ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ሰው ያየዋል። ይህ ጭንቀት በመስከረም 2013 ዓ.ም. በግልጽ ታይቶ ነበር፤ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩና የ200 ብር ኖት አዲስ ሲወጣ፣ በቤት የተደበቀ ብር ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ መስኮት መምጣት ነበረበት፤ ሲመጣም ስለ ራሱ መናገር ነበረበት።

ባንኮች በመመሪያ ከተወሰነው መጠን በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ ግብይትን ሁሉ ያሳውቃሉ። ስለዚህ ሪፖርቱን የሚሸሽ ሰው ብሩን ይቆራርጠዋል። ጠዋት በጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ቅርንጫፍ፣ ከሰዓት በኋላ ከዓባይ ማዶ ካለ ሌላ ቅርንጫፍ፣ በማግስቱ ደግሞ በዘመድ እጅ፣ ሁልጊዜ ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ ያለ መጠን ያስገባል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እውነተኛ ሽያጭ ወጣ ገባ የሚል መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን 41,300፣ ሌላ ቀን 17,850፣ ዝናብ በጣለበት ቀን ከዚያም ያነሰ። ገቢው በየቀኑ ክብና ተመሳሳይ የሆነ ነጋዴ ወይ ሒሳቡን ለማቅለል ብሎ ቀሪውን በእጁ ያስቀራል፣ ወይም ብሩ ከሽያጭ አልመጣም።

የሆቴሉ ሒሳብ

ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመደባለቅ የሚመረጠው ደንበኛው ብዙ፣ ክፍያው በጥሬ፣ የሸጠው ነገርም ከተሸጠ በኋላ ሊቆጠር የማይችል ንግድ ነው። ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ መኪና ማጠቢያ፣ የመኝታ አገልግሎት ለዚህ ይመቻሉ፤ ትናንት ማታ ያልተኛ እንግዳ እንደ ተኛ ተደርጎ ቢጻፍ ዛሬ ሄዶ የሚያረጋግጥ የለም።

በሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል አለ እንበል። 24 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል በ1,500 ብር ይከራያል። ሁሉም ክፍል ወሩን ሙሉ ሳይለቀቅ ቢያዝ የመኝታው ገቢ 1,080,000 ብር ነው። ምግብና መጠጡ የመኝታውን ያህል ያስገባል ብለን ብንለግሠው እንኳ ከ2,160,000 ብር አይበልጥም። አሁን ይህ ሆቴል በወር 4,000,000 ብር ካስገባ፣ ልዩነቱ ስለ መልካም አስተዳደር የሚነገር ነገር አይደለም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ጎብኚ ርቆ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚቀዝፉት ጀልባዎች ታስረው በቆሙባቸው ወራት እንዲህ ያለ ገቢ ከታየ፣ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚታየው የገቢው መዝገብ ሳይሆን የወጪው ነው። ለ24 ክፍል የሚሆን አንሶላ የሚያጥብ ቤት ሳሙና ይገዛል፣ የውኃ ሒሳቡ ይጨምራል፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ቁጥር ይበዛል፣ ዳቦና ሥጋ የሚያቀርቡለት ነጋዴዎች በየሳምንቱ ሒሳባቸውን ይቀበላሉ። የውኃ ሒሳቡ የአንድ ቤተሰብ፣ ሠራተኞቹ አራት፣ ገቢው ግን የሞላ ሆቴል ከሆነ፣ በዚያ ቤት የሚታጠበው አንሶላ አይደለም።

ሌላው ምልክት ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆንበታል፤ ግብርን በደስታ መክፈል ነው። ነጋዴያችን በአብዛኛው ሽያጩን ዝቅ አድርጎ ማሳወቅ የሚቀናው መሆኑን ለመደበቅ አያስፈልግም። ያልሸጠውን እንደ ሸጠ አድርጎ ደረሰኝ የሚቆርጥና ግብሩን ያለ ክርክር የሚከፍል ሰው ግን ግብሩን የሚያየው እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ዋጋ ነው፤ በግብር ደረሰኙ የገንዘቡን የትውልድ ታሪክ እየገዛ ነው። የሒሳብ ባለሙያ የሆነ ሰው ይህን ዓይነት ደንበኛ ሲያገኝ መደሰት ሳይሆን ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

ዕቁብ፣ ቤትና ደረሰኝ

በእኛ አገር ብዙ ጥሬ ብር ለያዘ ሰው የተዘጋጀ አንድ መልስ አለ፤ «ዕቁብ ወጥቶልኝ ነው።» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ስለዚህም ለሐሰተኛውም ምቹ መሸፈኛ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዕቁብ የራሱ ሒሳብ አለው። አባላቱ 40 ከሆኑና ሳምንታዊው መዋጮ 5,000 ብር ከሆነ አንድ ጊዜ የሚወጣው 200,000 ብር ነው፤ 1,400,000 ብር ይዞ የመጣ ሰው ሰባት ዕጣ አንድ ላይ ወጣልኝ ሊል አይችልም። በትሕትና «ስንት ናችሁ? ዳኛው ማነው? በማን ዋስትና ወሰዱት?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ እውነተኛው ዕቁብተኛ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል፤ እንዲያውም የቀረበትን ዕዳና ዳኛው በዋስ ያስቸገረውን ጭምር ሲያወራ ሰልፉን ያስቆማል። ታሪኩን ያጠናው ሰው ግን መጠኑን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ሰዎቹ የሚለው የለውም።

የቤት ሽያጭም እንዲሁ ነው። አሳሳቢው ገዢ ዋጋ የማይከራከር፣ ቤቱን ገብቶ ያላየ፣ ሙሉውን በጥሬው ለመክፈል የሚቸኩል፣ ውሉም በእናቱ ወይም ሥራ በሌለው ወንድሙ ስም እንዲጻፍ የሚፈልግ ነው። በገጠር የምትኖርና ገቢ የሌላት አክስት በከተማው መካከል ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ባለቤት ሆና ስትገኝ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰነዱ ብቻ አያውቅም። ግብር ለመቀነስ ሲባል በውል ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ዝቅ ያለ መጠን የመጻፍ ልማዳችን ደግሞ ለእንዲህ ያለው ገዢ በሩን ከፍቶለታል። በውሉ ላይ 3,000,000 ብር ተጽፎ በተግባር 8,000,000 ብር ሲከፈል፣ 5,000,000 ብር ያለ አንዳች ዱካ ገብቶ ተውጧል ማለት ነው። ሻጩ ትንሽ ግብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ምንጩን ሊያስረዳ የማይችል ጥሬ ብር ተሸክሞ ቀርቷል።

በውጭ ንግድ ያለው ስልት ለብቻው ሰፊ ነው። በአጭሩ፣ የዕቃው ዋጋ በደረሰኝ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ይጻፍና ልዩነቱ ድንበር ይሻገራል። ለባንክ ሠራተኛ የሚታየው ምልክት የዕቃው ዋጋ ከገበያው ጋር ጨርሶ አለመቀራረቡ፣ ወይም በእህል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍያ ማስተላለፉ ነው።

ስምን ማዋስ

እስካሁን የተነገረው ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር። ይህ ክፍል ስለ እርስዎ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ለተዘረዘሩት ስልቶች ሁሉ በብዛት የሚያስፈልገው የንጹሕ ሰው ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለአንድ የባጃጅ ሾፌር በሚያውቀው ሰው በኩል ጥያቄ ይቀርብለታል፤ «የእኔ ሒሳብ ታግዶብኛል፤ ገንዘብ በአንተ ይግባልኝና አውጥተህ ስጠኝ፤ ሦስት ሺህ ብር ለአንተ።» አንዳንዴ የሚጠየቀው የኤቲኤም ካርዱ ከምሥጢር ቁጥሩ ጋር ነው፤ ወይም ቴሌብር የተከፈተበት ሲም ካርድ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ፣ የተዋሰ ስም ዋጋው ጨምሯል። ብሩ ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይሄዳል፤ ሒሳቡም ወደ ነበረበት 112 ብር ይመለሳል። በባንክ በኩል ሲታይ ይህ ቅርጽ፣ ለወራት ተኝቶ የነበረ ሒሳብ በድንገት መንቃቱ፣ ከማይተዋወቁ ከተሞች ገንዘብ መግባቱና ወዲያው መውጣቱ፣ ከሁሉም የጎላ ምልክት ነው። ፖሊስ ዱካውን ተከትሎ ሲመጣ የሚያገኘው ስም የተማሪው ነው፤ ሒሳቡን የተዋሰው ሰው በሰነድ ላይ የለም። «አላውቅም ነበር» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ማወቅ ከነገሩ ሁኔታ ሊገመት ይችላልና። ለአንድ ሰዓት ሥራ ሦስት ሺህ ብር መከፈሉ ራሱ አንድ ሁኔታ ነው።

ከባንክ ውጭ በደላላ እጅ የሚላከው የሐዋላ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ አሳዛኝ ነው፤ በእርሱ የሚጠመዱት ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው። በቤሩት ወይም በሪያድ የምትሠራ ልጅ ደመወዟን ለአንድ ደላላ ትሰጣለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ባለች እናቷ ሒሳብ ላይ ብር ይገባል፤ ላኪው ግን በአዳማ ያለ የማይታወቅ ሰው ነው። የውጭ ምንዛሪው ወደ አገር አልገባም፤ እዚያው ቀርቷል። እዚህ የተከፈለው ብር ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በውጭ አገር የፈለገ የአንድ ሰው ብር ነው፤ ያ ሰው ዕቃ አስመጪ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፣ ጉቦ ያጠራቀመ ሹም ሊሆን ይችላል፣ ስደተኛ አሻጋሪም ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ይህ መንገድ አልተዘጋም። የልጅቷ ላብ ንጹሕ ነው፤ የእናቲቱ ሒሳብ ግን ከማን ጋር እንደተያያዘ ሁለቱም አያውቁም። አንድ ቀን የላኪው ሒሳብ ሲመረመር የእናቲቱም ይታገድና፣ እማማ ከቀበሌ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ፖሊስ ሲመላለሱ ይከርማሉ። በባንክ ወይም በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ በኩል መላክ ጥቂት ብር ቢያስቀር እንኳ፣ ደረሰኙ ያን ቀን ይከፍላል።

ምልክቱን ካዩ በኋላ

አንድ ምልክት ብቻ ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በፌስታል ብር ያመጣ ገበሬ፣ ለልጁ ሠርግ ከዘመድ የሰበሰበ አባት፣ ሱቁን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ነጋዴ ሁሉም ለጊዜው እንግዳ ይመስላሉ። በመጀመሪያ የሚደረገው መጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ አገልጋይ፣ «ይህ ከምን የተገኘ ነው? ማስረጃ ይኖርዎታል?» በሚል ቃል ይቀርባል። የሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት የውርስ ማስረጃ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ክፍያ ወረቀት ወዲያው ነገሩን ይዘጋል። መልሱ በተጠየቀ ቁጥር የሚለዋወጥ፣ ደንበኛው «ተወው በቃ» ብሎ ብሩን ይዞ የሚመለስ፣ ወይም ሌላ ሰው ውጭ ቆሞ በስልክ የሚያዝዘው ከሆነ ግን ምልክቶቹ ተደራርበዋል። ግብይቱ ሳይፈጸም ቢቀርም ሙከራው ራሱ ይመዘገባል።

የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ያዩትን በባንክዎ ውስጥ ለተመደበው የሕግ ተገዢነት ክፍል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ስሜትዎን ሳይሆን ቀኑን፣ መጠኑን፣ የተባለውንና ያልገጠመውን ይጻፉ። «ሰውየው አጠራጣሪ ነው» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። በቅን ልቡና ያሳወቀ ሰው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለደንበኛው ሪፖርት እንደተጻፈበት መንገር ግን ክልክል ነው፤ ለባልደረባ በቡና ሰዓት ማውራትም ከዚያ አይለይም። የባንክ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ለፖሊስ ወይም በቀጥታ ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ማመልከት ይችላል። ራስዎ ተከታትለው ለማጋለጥ አይሞክሩ፤ ከጀርባው ያለውን ወንጀል አያውቁትም።

የማያውቁት ገንዘብ በሒሳብዎ ቢገባና አንድ ሰው ደውሎ «በስሕተት ነው፤ በዚህ ቁጥር መልሱልኝ» ቢል፣ በራስዎ እጅ አይመልሱ። ወደ ቅርንጫፍዎ ሄደው ያመልክቱ፤ ባንኩ ገንዘቡን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል። በሌላ ቁጥር ከላኩት ሳያውቁት የሁለተኛውን እርከን ሥራ ሠርተዋል።

ስለዚያ ሥጋ ቤት የጻፍሁትን ሪፖርት ካስረከብሁ በኋላ ምን እንደተደረገ አልሰማሁም፤ መስማትም አይገባኝም ነበር። ባለቤቱ ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እንደ ወትሮው መጣ። «እንኳን አደረሰዎ» አልሁት፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለኝ፤ ብሩን ተቀብዬ በማሽኑ ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት።